በአራት ቀለም የረዳት ቲ ሴሎችን መለየት፦ ከጎንደር የላቦራቶሪ ሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 22

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ጉልበቱ በሩማቶይድ አርትራይተስ (ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ በሚያጠቃበት በሽታ) አብጦ ውሃ የቋጠረ ሕመምተኛ ለሕክምናው ሲባል ከሚቀዳለት ፈሳሽ ጥቂቱን፣ በዚያው ሰዓት ከክንዱ ከሚቀዳ ደም ጋር ወስደን፣ በሁለቱ ውስጥ የሚገኙት ረዳት ቲ ሴሎች፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ የሚመሩት ነጭ የደም ሴሎች፣ የየትኛው ወገን እንደሆኑ ማየት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ በክረምቱ ተሰጥቶናል፤ ፈሳሹን ሐኪሙ የሚያወጣው ለሕመምተኛው ጥቅም ብቻ ሲሆን እኛ የምንጨምረው የአንድ ቱቦ ደም ነው። ጤነኛ ለጋሾችን ደግሞ ከከተማው፣ በተለይም ከማራኪና ከአዘዞ፣ በዕድሜና በጾታ እያመሳሰልን እንመለምላለን።

ያለን መሣሪያ ባለ አራት ቀለም ፍሎው ሳይቶሜትር፣ ማለትም ቀለም የተቀቡ ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር እያሳለፈ የሚያነብ መሣሪያ ነው። ወደ ላቦራቶሪያችን የገባው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች መድኃኒት የሚጀምሩበትን ጊዜ ለመወሰን ሲዲ4 ሴሎቻቸውን (እነዚህኑ ረዳት ቲ ሴሎች) ይቆጥር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሳይጠበቅ ሕክምና እንዲጀምር ከመከረ ወዲህ ግን ቆጠራው በአብዛኛው የሚፈለገው ከ200 በታች የወረደውን፣ ማለትም በሽታው የጠናበትን ሰው ለመለየት በመሆኑ፣ መሣሪያው ከሰዓት በኋላ ሥራ ይፈታል። እኛም የምንጠቀመው በዚህ ክፍት ሰዓት ነው። ሁለት ሌዘሮች አሉት፤ አንዱ የ488 ናኖሜትር ሰማያዊ፣ ሌላው የ635 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ሲሆን፣ በሁለቱ አማካይነት ከእያንዳንዱ ሴል ላይ አራት ቀለም ይነበባል። በከባድ ብረቶች ምልክት እያደረጉ አርባ ያህል ነገር በአንድ ጊዜ የሚያነቡ መሣሪያዎች በሌላ አገር እንዳሉ እናውቃለን። አራት ቀለም ብቻ ያለው ሰው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መወሰን ግድ ይሆንበታል፤ በእኔ እምነት ይህ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም።

መስከረም 27

ዛሬ ቀኑን ሙሉ እጄ ፒፔት አልነካም፤ ቱቦዎቹን በወረቀት ላይ ስደለድል ዋልሁ። ድልድሉ የቆመበትን ምክንያት እዚህ መጻፍ ይገባል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእሱ የሚከተል ነውና። ከዚህ በታች የጥናት ዓመቶችን የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በክሊኒክ ውስጥ ሲዲ4 እያልን በአንድ ቁጥር የምንጠራቸው ሴሎች ሥራቸው አንድ አይደለም። ቲም ሞዝማንና ሮበርት ኮፍማን በ1986 የአይጥ ረዳት ሴሎችን ለየብቻ አባዝተው በሚያመነጩት ሳይቶካይን (ሴሎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ፕሮቲን) በሁለት ከፈሏቸው፤ አንደኛው ወገን ኢንተርፌሮን-ጋማ የሚሠራው ቲኤች1፣ ሁለተኛው ኢንተርሊኪን-4 የሚሠራው ቲኤች2 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የብግነት በሽታዎች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ስሞች ሲታደሉ ቆዩ። የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ብዙ ስክለሮሲስና የክሮን በሽታ ለቲኤች1፣ አስምና አለርጂ ለቲኤች2 ተሰጡ። ክፍፍሉ ግን ከመጀመሪያውም የማይገጥም ነገር ነበረው፦ ኢንተርፌሮን-ጋማ የሌላቸው አይጦች ከአንጎል ብግነት መዳን ሲገባቸው ይብስባቸው ነበር። በ2003 ደግሞ ጥፋቱን የሚመራው ቲኤች1ን የሚያበቅለው ኢንተርሊኪን-12 መሆኑ ቀርቶ ከእሱ ጋር ግማሽ አካሉን የሚጋራው ኢንተርሊኪን-23 እንደሆነ ታወቀ፤ በ2005 ኢንተርሊኪን-17 የሚያመነጨው ሦስተኛ ወገን፣ ቲኤች17፣ ስሙን አገኘ።

ለእኛ ድልድል ከሁሉ የሚጠቅመው በ2007 በሰው ደም ላይ የተሠራው ነው። ፌዴሪካ ሳሉስቶና ባልደረቦቻቸው ኢንተርሊኪን-17 የሚያመነጩት የሰው ትዝታ ሴሎች (ቀድሞ ጠላት የገጠማቸው ሴሎች) ሲሲአር6 የሚባለውን የኬሞካይን፣ ማለትም ሴሎችን ወደ ቦታቸው የሚስብ ፕሮቲን፣ ተቀባይ እንደሚሸከሙ አሳዩ። ሲሲአር6ን ከሲሲአር4 ጋር የያዙት በዋናነት ኢንተርሊኪን-17 ያመነጫሉ፤ ሲሲአር6ን ከሲኤክስሲአር3 ጋር የያዙት ግን ኢንተርፌሮን-ጋማን ብቻውን ወይም ሁለቱንም በአንድነት ያመነጫሉ። በዚያው ዓመት ከፍሎረንስ የወጣ ሥራ በክሮን ሕመምተኞች አንጀት ውስጥ ሁለቱን ሳይቶካይኖች በአንድነት የሚሠሩ ሴሎችን አገኘ። በአይጥ ላይ ተለያይተው የተሳሉት ወገኖች በሰው ላይ ይደራረባሉ ማለት ነው፤ እኔንም የሚስበኝ ይህ መደራረብ ነው።

እንግዲህ አንደኛው ቱቦ በሴሉ ላይ ያሉትን ሲዲ4ን፣ ሲዲ45አርኤን፣ ሲኤክስሲአር3ንና ሲሲአር6ን የሚይዙ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀለም የተያያዘባቸው አንቲቦዲዎችን ይይዛል፤ ሁለተኛው በሲኤክስሲአር3 ፋንታ ሲሲአር4ን ያገባል። ሲዲ45አርኤ የሚያስፈልገው ገና ምንም ያልገጠማቸውን ጥሬ ሴሎች ለይቶ ለማስወጣት ነው። ሦስተኛው ቱቦ ሴሉ በውስጡ የሚሠራውን ያያል፤ ሲዲ3፣ ሲዲ8፣ ኢንተርፌሮን-ጋማና ኢንተርሊኪን-17። ደማቅ ሆነው የሚታዩትን ሲዲ4ንና ሲዲ45አርኤን ደካማ ለሆኑት ቀለሞች ለፐርሲፒና ለፊትሲ፣ ስስ የሆኑትን ተቀባዮች ደግሞ ብርቱ ለሆኑት ቀለሞች ለፒኢና ለኤፒሲ ሰጠሁ። ይህን ሳያስተካክሉ ሲሲአር6ን በፊትሲ ማየት በጭጋግ ውስጥ ሰው መፈለግ ነው።

ጥቅምት 5

አንቲቦዲዎቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ደረሱ። ሳጥኑን ከአዘዞ ያመጣው ሾፌር ፀሐይ ላይ እንዳያቆመው አስቀድመን ነግረነው ስለነበር ከእጁ ሳይለይ አስረከበን። የሙቀት መቆጣጠሪያው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሽየስ ባለው ውስጥ ቆይቷል። እነዚህ ቀለም የተያያዘባቸው አንቲቦዲዎች መሞቅም በረዶ መሆንም ይጎዳቸዋል፤ በረዶ ከሆኑ ቀለሙ ይበላሻል፣ ስለዚህ የበረዶው ከረጢት ከብልቃጦቹ ጋር እንዳይነካካ በመካከሉ ካርቶን መደረጉን ሳይ ላኪው ሥራውን የሚያውቅ እንደሆነ ገባኝ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሣለት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበሩ ራቅ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኋቸው።

ጥቅምት 9

የመጠን ፍተሻ። አምራቹ በብልቃጡ ላይ የጻፈው መጠን ለእኛ ናሙና ልክ ነው ብሎ መቀበል ገንዘብም ያባክናል፣ ንባብንም ያበላሻል። ከሚመከረው መጠን ተነሥቼ እያንዳንዱን አንቲቦዲ በግማሽ በግማሽ እያነስሁ ለተመሳሳይ ደም ሰጠሁት፤ ከዚያም በማያ ገጹ ላይ አንቲቦዲውን የያዘውና ያልያዘው የሴል ክምር ይበልጥ የሚራራቁበትን ነጥብ ፈለግሁ። ሲበዛ የማይፈለገው ክምርም ይደምቃል፤ ሲያንስ የሚፈለገው ይደበዝዛል። ለሲዲ4 ከተጻፈው በጣም ባነሰ መጠን ልዩነቱ አልቀነሰም፤ ይህ ብቻውን ብልቃጡን ለብዙ ናሙና ያደርሰዋል። ለሲሲአር6 ግን መቆጠብ አልቻልሁም፤ ትንሽ ሲቀነስለት የያዙትና ያልያዙት ሴሎች ተጋጥመው አንድ ዝርግ ኮረብታ ይሆናሉ።

የኬሞካይን ተቀባዮች ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው። ከሴሉ ቆዳ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ፤ ስለዚህ በረዶ ላይ ከማቆየት ይልቅ በ37 ዲግሪ ሲቀቡ ብዙዎቹ የተሻለ ይታያሉ። ያንኑ ደም በበረዶ፣ በክፍሉ ሙቀትና በ37 ዲግሪ አወዳደርሁ። የሲሲአር6 ክምር በ37 ዲግሪ ከሌላው ተለይቶ ቆመ። ከዛሬ ጀምሮ ለተቀባዮቹ ቀድሞ በ37 ዲግሪ፣ ከዚያ ለሲዲ4ና ለሲዲ45አርኤ በክፍሉ ሙቀት ሆኖ ሥርዓቱ ተጻፈ።

ጥቅምት 16

በማያ ገጹ ላይ የምንቆጥራቸውን ሴሎች የሚከልል አጥር የማበጀት ቀን ነበር። ፊትሲ ወደ ፒኢ መስኮት የሚያፈሰውን ብርሃን ነጠላ ቀለም በተቀቡ ቱቦዎች አስተካከልሁ። ከዚያ በኋላ ሲዲ4ን የያዘውን ሁሉ ረዳት ቲ ሴል ብሎ መውሰድ አይቻልም፤ ሞኖሳይቶችም ሲዲ4ን በስሱ ይይዛሉና። በመጠንና በውስጥ ሸካራነት ሊምፎሳይቶቹን ብቻ ከከለልሁ በኋላ ደማቁን የሲዲ4 ክምር ብቻ ያዝሁ። ሲሲአር6 በቢ ሴሎች ላይ፣ ሲኤክስሲአር3 በገዳይ ሴሎች ላይ እንደሚገኙም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ የሚቆጠረው ሌላ ሴል ይሆናል።

ሲሲአር4ም ለብቻው ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው። ቲኤች2ም፣ ቲኤች17ም፣ ብግነትን ከሚገቱት ከተቆጣጣሪ ሴሎችም ብዙዎቹ ይይዙታል። ተቆጣጣሪዎቹን ለይቶ ለማስወጣት ሲዲ25ና ሲዲ127 ያስፈልጋሉ፤ ለዚያ ደግሞ ቀለም የለንም። የተቆጣጣሪዎቹ ዋና ምልክት የሆነው ፎክስፒ3 ቢኖረንም ነገሩ አይቋጭም፤ በሰው ላይ ተቆጣጣሪ ያልሆነ ሴል ሲነቃ ለጥቂት ጊዜ ፎክስፒ3ን ያሳያልና። ስለዚህ ከሁለተኛው ቱቦ የማወጣው «ሲሲአር4ን የያዙ» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ «ቲኤች2» የሚል ስም በሠንጠረዡ ላይ አልጽፍም።

ጥቅምት 24

ሦስተኛውን ቱቦ ዛሬ ሞከርነው። የደም ሴሎቹን ጥግግቱ 1.077 በሆነው፣ ፊኮል በሚባለው ፈሳሽ ላይ አንሳፍፈን፣ ሴንትሪፊዩጁ ፍሬኑ ሳይያዝ እስኪቆም ጠብቀን፣ በመካከል የምትታየውን ነጭ ቀለበት በፒፔት ሰበሰብን። ሴሎቹ ሥራቸውን እንዲያሳዩ በፒኤምኤና በአዮኖማይሲን ይቀሰቀሳሉ፤ የሠሩት ሳይቶካይን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ደግሞ ብሬፌልዲን ይጨመራል። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በ37 ዲግሪ ይቆያሉ።

ማቆያው ውስጥ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የማቆያው በር እንዳይከፈት ወረቀት ለጠፍንበት፤ ሙቀቱም ብዙ ሳይወርድ ተመለሰ። በእንዲህ ዓይነቱ ቀን የተገኘ ንባብ ከሌላው ጋር አብሮ እንዳይቀላቀል በደብተሩ ላይ ኮከብ ተደርጎበታል።

ሥራውን ለመማር አብራን ያለችው ተማሪ ንባቡን ስታይ «ጋሼ፣ ሲዲ4 የት ሄደ?» አለችኝ፤ ከሌላ ቱቦ የተረፈውን ሲዲ4 ለማነጻጸር ጨምራው ነበር። መልሱ ፒኤምኤ ሲዲ4ን ከሴሉ ቆዳ ላይ አስገብቶ ስለሚያጠፋው ነው፤ በሦስተኛው ቱቦ ሲዲ3ን ይዘው ሲዲ8ን ያልያዙትን እንደ ረዳት ሴል የምንወስደውም ለዚሁ ነው። ይህ በመጽሐፍ ከመነበቡ ይልቅ በማያ ገጽ ላይ ሲታይ የበለጠ ይጸናል።

ኢንተርሊኪን-17 በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሴሎች ላይ ብቻ ይታያል፤ ከመቶ ረዳት ሴሎች አንድ ገደማ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሳይቶካይኖች የያዘውን ወገን ለማየት መሣሪያው ብዙ ሴል እስኪያነብ መታገሥ ያስፈልጋል።

ኅዳር 3

ስለ ጤነኞቹ ለጋሾች። ከምንም በላይ የተከራከርነው በዚህ ላይ ነው፤ ቦታ የሚገባውም ይህ ይመስለኛል።

አንዱ ባልደረባችን ጤነኛ ለጋሽ መሰብሰብ ጊዜ ማባከን ነው፣ በውጭ አገር የታተመ መጠን ስላለ ከእሱ ጋር ማነጻጸር ይበቃል የሚል አሳብ አቀረበ። አልተስማማሁም። በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ትብብር ሥር በ1999 የወጣ ሥራ ጤነኛ የሆኑ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎችን ከኔዘርላንድሳውያን ጋር አነጻጽሮ፣ የእኛዎቹ ጥሬ የሆኑ ቲ ሴሎቻቸው ያነሱ፣ የነቁት ግን የበዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ1995 በእስራኤል የሚሠሩ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በሄዱ ስደተኞች ላይ የበሽታ መከላከያው በሰፊው ነቅቶ እንደሚገኝ ጽፈው፣ የአንጀት ጥገኛ ትሎችን እንደ አንድ ምክንያት አንሥተዋል። ጤነኛ ማለት ሴሎቹ ምንም ያልገጠማቸው ማለት አይደለም፤ እዚህ ጤነኛ የሆነ ሰው ብዙ ነገር አልፎበት ጤነኛ የሆነ ነው።

ስለዚህ ከየለጋሹ ሰገራ ተመርምሮ፣ ትል የተገኘበት በሕክምና ክፍሉ በኩል መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ውጤቱም ከኢዮሲኖፊል (በትል ጊዜ ከሚበዛው ነጭ የደም ሴል) ቁጥሩ ጋር ይመዘገባል እንጂ ሰውየው ከጥናቱ አይወጣም። ትል ያለበትን ሁሉ ብናስወጣ የምናነጻጽረው ከማይገኝ ሰው ጋር ይሆናል። ከጥናቱ የምናስወጣው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርዶ በካላዛር (በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፍ የጥገኛ ተውሳክ በሽታ) የታመመውን ነው። በካላዛር ላይ ረዳት ሴሎቹ ኢንተርፌሮን-ጋማ ይሥሩ እንጂ ብግነትን የሚያበርደው ኢንተርሊኪን-10ም ይበዛል፤ በ2007 በሕንድ ሕመምተኞች ጣፊያ ላይ የተሠራ ጥናት የዚህ ኢንተርሊኪን-10 ዋና ምንጭ ፎክስፒ3ን የያዙት ተቆጣጣሪዎች ሳይሆኑ ሌሎች ቲ ሴሎች መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ከጤነኞቹ ደም የታየው አንድ ነገር ለብቻው ይጻፍ። ሲሲአር6ንና ሲኤክስሲአር3ን በአንድነት የያዙት ትዝታ ሴሎች በሁሉም ለጋሾች ላይ ጎልተው ይታያሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሌለበት ሰው ይህን ያህል ካለው፣ በሕመምተኛ ጉልበት ውስጥ ይህን ወገን አገኘሁ ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም። ምክንያቱን ለማሰብ ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2007ቱ ሥራ የካንዲዳ ፈንገስን የሚያውቁት ትዝታ ሴሎች በብዛት የተገኙት ሲሲአር6ንና ሲሲአር4ን በያዘው ወገን ነው፤ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ የሚያውቁት ደግሞ ሲሲአር6ንና ሲኤክስሲአር3ን በያዘው ውስጥ ነው። በ2013 ባክቴሪያው በድብቅ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም በዚያው ወገን አገኛቸው። በአገራችን ሕፃን ሲወለድ የቢሲጂ ክትባት ይወጋል፤ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ከሚያስል ሰው ጋር በአንድ ክፍል ያላደገም ጥቂት ነው። እንግዲህ ይህ ክምር ከአርትራይተስ አስቀድሞ የነቀርሳ ታሪክ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ የጉልበቱ ፈሳሽ ከሌላ ሰው ደም ጋር ሳይሆን ከራሱ ከሕመምተኛው ደም ጋር ይነጻጸራል።

ኅዳር 14

የመጀመሪያው የጉልበት ፈሳሽ። ከወደ ዳባት የመጡ እናት ናቸው፤ ጣቶቻቸው በሁለቱም እጅ ተጣመዋል፣ ቀኝ ጉልበታቸው ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ፈሳሹን ከቀዳላቸው በኋላ ለደሙ ስንቀርብ ሲስተርን «ልጄ፣ ከጉልበቴ ያወጣችሁት አይበቃችሁም? ደሜ ደግሞ ምን ያደርግላችኋል?» አሏት። ፈቃዳቸውን ስንጠይቅ የተነገራቸውን ነው በእርጋታ የመለሰችላቸው፦ «እማማ፣ የጉልበትዎን ውሃ የምናስተያየው ከራስዎ ደም ጋር ነው፤ ካልፈለጉ ይተዋል፣ ሕክምናዎ አይጓደልም።» ጥቂት አሰቡና ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ፈሳሹ ቢጫና ድፍርስ ነበር። በሁለት ጣት መካከል ቢሳብ እንደ ጤናማ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ክር አይሠራም፤ ብግነቱ ሃያሉሮኒክ አሲዱን ሰባብሮታል። እንደዚያም ሆኖ ለመሣሪያው ቀጭን ቧንቧ ወፍራም ስለሆነ ሃያሉሮኒዴዝ ጨምረን በ37 ዲግሪ አቆየነው፤ ከዚያ በኋላ ፒፔቱ ሳይንቀራፈፍ ስቦ ለቀቀ። በማጉያ መነጽር ሥር ሲታይ አብዛኛው ኒውትሮፊል ነው፤ ፊኮሉ እነዚህን ወደ ታች ካወረዳቸው በኋላ የቀረችው ቀለበት ስስ ብትሆንም ለሦስቱም ቱቦዎች በቃች።

ሌሊቱ ሳይገፋ እንዲያልቅ ሁላችንም አመሸን። ፋሲል ግቢን ዞሬ ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር።

ኅዳር 15

ንባቡ ይህ ነው። በጉልበቱ ፈሳሽ ውስጥ ሲዲ45አርኤን የያዘ ጥሬ ሴል ከሞላ ጎደል የለም፤ በደማቸው ውስጥ ግን አለ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ወደ ታመመ መገጣጠሚያ የሚገባው ትዝታ ሴል ነውና። ሲኤክስሲአር3 በጉልበቱ ረዳት ሴሎች ላይ አጠቃላይ ነው፤ ክምሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ዞሯል። በ1998 የታተመ ሥራ በሩማቶይድ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ቲ ሴሎች አብዛኞቹ ሲኤክስሲአር3ንና ሲሲአር5ን እንደሚይዙ ስለጻፈ አዲስ ነገር አላገኘንም፤ ነገር ግን በእኛ መሣሪያና በእኛ እጅ መታየቱ ሥርዓቱ እንደሚሠራ ያረጋግጣል። ከእነዚህ መካከል ሲሲአር6ንም የያዙት ከራሳቸው ደም ጋር ሲነጻጸር በርክተዋል። ሲሲአር4 ግን ከደሙ አንሶ ታየ።

ሦስተኛው ቱቦ የሚናገረው ከዚህ ይሰማማል። ኢንተርፌሮን-ጋማ በብዙ ሴሎች፣ ኢንተርሊኪን-17 በጥቂቶች፣ ሁለቱም በአንድነት ደግሞ በእጅግ ጥቂቶች ላይ አለ። የቲኤች17 ታሪክ ብቻ የተነገረው ሰው የታመመ ጉልበት በኢንተርሊኪን-17 የተሞላ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ የምናየው ግን የቲኤች17ን አድራሻ፣ ማለትም የላይ ተቀባዩን ሲሲአር6ን፣ የያዙ፣ የቲኤች1ን ሥራ የሚሠሩ ሴሎችን ነው።

ታኅሣሥ 6

በሳምንታዊው ንባባችን ላይ ይህ ጉዳይ ተነሣ። ለእነዚህ ሴሎች ሁለት ማብራሪያ ይቀርባል። አንደኛው፣ ሲኤክስሲአር3 ኢንተርፌሮን-ጋማ በሚያስነሣቸው ኬሞካይኖች ስለሚሳብ፣ ብግነት ወዳለበት ቦታ ሁሉ የሚደርሱት እሱን የያዙት ናቸው፤ ጉልበቱ መርጦ ጠራቸው እንጂ አልለወጣቸውም የሚል ነው። ሁለተኛው ቲኤች17 ሆነው ገብተው በዚያው ተለወጡ ይላል። በሕፃናት የመገጣጠሚያ ብግነት ላይ በ2010 ከለንደን፣ በ2011 ከፍሎረንስ የወጡት ሥራዎች ለሁለተኛው ይመሰክራሉ፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ኢንተርሊኪን-12 ቲኤች17ን ወደ ኢንተርፌሮን-ጋማ አምራችነት ይገፋል፤ የተለወጠውም ሴል ሲዲ161 የሚባለውን የድሮ ምልክቱን ይዞ ይቀራል። እኔ ወደዚህኛው አጋድላለሁ፤ ግን ሲዲ161ን ሳናይ በእኛ ናሙና ላይ እንዲህ ነው ማለት አልችልም።

በቲኤች17 ስም ሥር ያለው ልዩነት ራሱ ቀላል አይደለም። በ2012 በወጣ ሥራ ካንዲዳን የሚያውቁት ቲኤች17 ሴሎች ከኢንተርሊኪን-17 ጋር ኢንተርፌሮን-ጋማ ሲሠሩ፣ ስታፊሎኮከስ አውሬየስን የሚያውቁት ግን ኢንተርሊኪን-10ን አብረው መሥራት እንደሚችሉ ታየ። አንዱ ብግነቱን የሚያባብስ፣ ሌላው የሚያበርድ ሆኖ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። በ2015 ደግሞ ከአንዲት ጥሬ ሴል የተወለዱ እኅትማማች ሴሎች በተለያዩ ወገኖች ውስጥ ተበትነው ሊገኙ እንደሚችሉ ተጻፈ። ስለዚህ ወገን የሚለው ቃል ሴሉ አሁን ያለበትን ሁኔታ ይናገራል፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም።

አንድ ወጣት ሐኪም ይህ ሁሉ ለሕመምተኛው ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ከመድኃኒቶቹ ታሪክ ይገኛል። ኢንተርሊኪን-17ን የሚይዘው ሴኩኪኑማብ በሶሪያሲስ ላይ ድንቅ ሆኖ ሳለ፣ በ2012 በክሮን በሽታ ላይ ሲሞከር አልጠቀመም፤ ጉዳቱም ከማስመሰያው መድኃኒት በለጠ። ኢንተርሊኪን-12ንና 23ን በጋራ አካላቸው የሚይዘው ኡስተኪኑማብ ግን በሁለቱም በሽታዎች ይሠራል፤ በብዙ ስክለሮሲስ ላይ ሲሞከር ደግሞ ውጤት አላስገኘም። በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ኢንተርሊኪን-17ን መያዝ እንደ ሶሪያሲሱ አልሆነም። ሁሉም «የቲኤች17 በሽታ» በሚል አንድ መዝገብ ውስጥ ገብተው ነበር። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውን ብግነት አነሣሽ ሳይቶካይን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ ተኝቶ የነበረውን ነቀርሳ እንደሚቀሰቅስ ከ2001 ጀምሮ ይታወቃል። ነቀርሳን አጥሮ የሚይዘው ረዳት ሴልና ጉልበትን የሚያሳብጠው ረዳት ሴል በአንድ ዓይነት አድራሻ ሲገኙ፣ እዚህ ለሚሠራ ሐኪም ይህ የወረቀት ጥያቄ አይደለም።

ታኅሣሥ 19

ሌሎች ናሙናዎች መጥተዋል። ብግነት የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱት በሦስተኛው ቱቦ ላይ ሳይቶካይናቸው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የላዩ አድራሻ ግን ብዙም አይናወጥም። ሜቶትሬክሴት ብቻ የሚወስዱትን ለብቻ አድርገናቸዋል። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የመጨረሻው የተወሰደበት ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ በመጠይቁ ላይ ግዴታ ነው።

ጥር 9

ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ተሞልቷል፤ የቀጠሮ ሕመምተኛም አይመጣም። መሣሪያው ታጥቦ ተዘግቷል።

ጥር 17

የሚቀጥለው ቱቦ ተወሰነ። ሲዲ161 አንደኛው ቱቦ ውስጥ በሲዲ45አርኤ ቦታ ይገባል፤ በጉልበቱ ፈሳሽ ውስጥ ጥሬ ሴል እንደሌለ ስላየን እዚያ ያለ ኪሳራ ሊቀር ይችላል። ለደሙ ግን ሲዲ45አርኤ ስለማይቀር፣ ደሙ አንድ ተጨማሪ ቱቦ ይኖረዋል። ከዚህ ሌላ አዲስ አራተኛ ቱቦ እንጨምራለን፦ ሲዲ4፣ ሲዲ8፣ ፒዲ1ና ሲኤክስሲአር5። ምክንያቱ በ2017 ከቦስተን የወጣው ሥራ ነው። ራስን የሚያጠቃ አንቲቦዲ በደማቸው ባለ የሩማቶይድ ሕመምተኞች መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ፒዲ1ን በብዛት የያዙ ሆነው ሲኤክስሲአር5 የሌላቸው፣ ከሊምፍ ዕጢ ውጭ ቢ ሴሎችን የሚረዱ ሴሎችን አግኝቷል። በሦስቱም ነባር ወገኖች ውስጥ የማይገቡ ናቸው፤ እስካሁን ባዘጋጀናቸው ቱቦዎች በአጠገባቸው አልፈን እንሄዳለን።

ፒዲ1 በፒኢ፣ ሲኤክስሲአር5 በኤፒሲ ታዝዘዋል። ሲዲ8ን ያስገባሁት ፒዲ1ን የሚይዙት የነቁ ገዳይ ቲ ሴሎች ከሲዲ4 ጋር ተጣብቀው ሲያልፉ ለይቶ ለመጣል ነው። በጤነኛ ደም ውስጥ ሲኤክስሲአር5 ያላቸው ስለሚገኙ እነሱ ቱቦው በትክክል መቀባቱን ያሳያሉ፤ አጥሩም በእነሱ ላይ ይበጃል። አንቲቦዲዎቹ እስኪደርሱ ድረስ ተማሪዋ የሩማቶይድ ፋክተር (ከእነዚያ ራስን ከሚያጠቁ አንቲቦዲዎች አንዱ) ውጤታቸው የተመዘገበላቸውንና ያልተመዘገበላቸውን ሕመምተኞች ከካርዳቸው ትለያለች፤ ውጤት የሌላቸውም በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ይመረመራሉ።